ስለ ሥራና ስለ እስትንፋስ፤ ከመተማ ቆላ እስከ ፈትል ፋብሪካ

የመተማ ስም በተነሣ ጊዜ በኢትዮጵያዊ ልብ ውስጥ አስቀድሞ የሚመጣው ጦርነት ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ በዚያ ሜዳ ላይ ቆሰሉ፤ ከቁስላቸውም ሳይድኑ ዐረፉ። የጠረፉ ከተማ እስከ ዛሬ ድረስ መተማ ዮሐንስ እየተባለ ይጠራል። ሁለተኛው የሚታወሰው ንግድ ነው፤ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርደው የነጋዴ መንገድ ለብዙ ዘመን በመተማ ገበያ በኩል ያልፍ ነበርና። ሦስተኛው ንዳድ ነው፤ የደጋ ልጅ ወደ ቆላ ለመውረድ ስንቁን ሲቋጥር እናቱ የምትሠጋው ንዳዱን ፈርታ ነው።

እኛ የዘንድሮው የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ አራተኛ ነገር ልንጨምር እንወዳለን፤ ይኸውም እስትንፋስ ነው። ሰው በሥራው ቦታ ላይ ሆኖ የሚስበው አየር በውስጡ ያለውን አቧራና ብናኝ፣ መርዝና ጢስ ሁሉ ይዞ ወደ ሳንባው ይገባል። ከዚህም የተነሣ የሚመጣው የአስም በሽታ ረዥም ታሪክ አለው። ታሪኩም የኤውሮፓ ከተሞችን ብቻ የሚመለከት ሳይሆን የእኛንም ጥጥ፣ የእኛንም ሙጫ፣ የእኛንም ወንድሞችና እኅቶች የሚነካ ስለሆነ፣ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች አብረው ቢያስቡበት ይጠቅማል ብለን እናምናለን። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ የውጭ አገር ታሪክ ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን፤ ዓ.ም. ብለን የጻፍነው ግን የአገራችን ነው።

ቆላውና ሥራው

መተማ ከጎንደር ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሱዳን ወሰን ላይ የሚገኝ አገር ነው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ለሦስት ከተከፈለ ወዲህ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ሆነዋል፤ የዞኑም መቀመጫ ገንዳ ውሃ ነው። መሬቱ ዝቅተኛ፣ ሙቀቱ ኃይለኛ፣ አፈሩም በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ጓንግና ሽንፋ ይህን ምድር አቋርጠው ወደ ሱዳን ይወርዳሉ።

ይህ ምድር ጥጥ ማብቀል የጀመረው ትናንት አይደለም። በ1862 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በመተማ በኩል ባለፈ ጊዜ፣ ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩት ተክሩሪዎች ጥጥ ሲያመርቱ፣ ሐበሾችም ያንን ጥጥ ገዝተው ወደ ደጋ ሲያወጡ አይቷል። በደጋው ደግሞ እናቶች ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት ይፈትሉት ነበር፤ ሸማኔውም ሸምኖ ለጌታውም ለድሃውም ያለብስ ነበር። ይህ ሁሉ ሥራ በትንሽ በትንሹ፣ ብዙውን ጊዜም በደጅ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ የሚሠራ ነበረ። ብናኙ ይነሣል፤ ነፋሱም ይዞት ይሄዳል።

በኋላ ዘመን ግን የሥራው መጠን ተለወጠ። ትራክተር መጣ፤ በመጀመሪያ በሁመራ፣ ኋላም በአርማጭሆ፣ በመተማና በቋራ ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች ተከፈቱ። በ1995 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ከደጋው ብዙ ቤተ ሰብ አምጥቶ በመተማና በቋራ አሰፈረ። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከወሎና ከሌላም ስፍራ ይወርዳል። ከእነዚህም መካከል ተማሪዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ በመስከረም ወር ደብተርና ጫማ የሚገዛው በሰሊጥ አረም ገንዘብ የሆነ የክፍል ጓደኛ የሌለው ማን ነው?

የሰሊጥ ሥራ ችኮላ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዘለላው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳልና፣ ሳይፈስ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ እንዲደርቅ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነዶው እየተዘቀዘቀ ይራገፋል። ሲራገፍ የደረቀው ቅጠልና የአፈሩ ትቢያ እንደ ደመና ይነሣል። ማሽላውም በተራው ይወቃል፤ የማሽላ ገለባ ብናኝ ደግሞ አንገትን የሚያሳክክ፣ ዓይንንም የሚያቀላ መሆኑን ያልሠራበትም ሰው ሰምቶ ያውቀዋል። ከዚያ ጆንያው ወደ መጋዘን ይገባል፤ በመጋዘኑም ውስጥ ሴቶች ያበጥራሉ፣ ወንዶች ይጭናሉ፤ ነፋስ እንደ ልብ አይገባበትም። ከአዝመራው በፊት ደግሞ ተባዩን ለመግደል መርዝ በጀርባ ታዝሎ ይረጫል፤ በመጋዘን ውስጥም ነቀዝን ለመከላከል ጋዝ የሚያወጣ ክኒን ይደረጋል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ የቆላ ሠራተኛ አቧራውንም፣ ብናኙንም፣ ኬሚካሉንም በየተራ ይስባል ማለት ነው።

አስም ምንድን ነው?

አየር ወደ ሳንባ የሚገባው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ በሚሄዱ ቧንቧዎች አማካይነት ነው። በአስም የተያዘ ሰው ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፤ አክታም ይሞላቸዋል። በዚህ ጊዜ ደረት ይጨነቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሲተነፍሱም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ሳሉም በሌሊት ይብሳል።

ከሥራ የሚመጣው አስም በሁለት መንገድ ይይዛል። አንደኛው መንገድ የሰውነት መቆጣት ነው። ሰውየው ያንን ብናኝ ወይም ኬሚካል ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ሲስበው ምንም ሳይሰማው ይቆያል። በዚህ መካከል ሰውነቱ ነገሩን እንደ ጠላት ቈጥሮ ይዘጋጃል። ከተቆጣ በኋላ ግን ቀድሞ ምንም ያላደረገው እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ያስለው፣ ያፍነው ጀመር ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ድንገተኛ ነው፤ አንድ ቀን ብዙ መጠን ያለው የሚያቃጥል ጋዝ ወይም ጢስ የሳበ ሰው በዚያው ምክንያት ቧንቧዎቹ ተጎድተው አስመኛ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በሥራ ቦታ አስም የሚያመጡ ከ400 በላይ ነገሮች ታውቀዋል። የዳቦ ጋጋሪው ዱቄት፣ የመኪና ቀለም ቀቢው የሚረጨው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል፣ የፀጉር ሠሪዋ ማንጫ ዱቄት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በረኪና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በ2019 የአሜሪካና የኤውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት ጽሑፍ፣ ከአዋቂዎች አስም ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ ከሥራ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ገምተዋል። ይህም ከ6 አስመኞች አንዱ ያህል መሆኑ ነው።

አንድ ልዩ ምልክት አለው፤ ይህንንም አንባቢ በተለይ እንዲያስታውስልን እንለምናለን። በሥራ ምክንያት የመጣ አስም ሰውየው ከሥራው ሲርቅ ይሻለዋል፤ ሲመለስ ይብስበታል። ይህ ምልክት ግን በእኛ አገር ሰውን ያሳስታል። ልጁ ከቆላ እያሳለ ይመለሳል፤ እናቱ ምች መታው ብላ ዳማከሴ ታሸለታለች፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል፤ ምስጋናውም ለዳማከሴው ይሆናል። በዓመቱ ተመልሶ ይወርዳል፤ ያው ሳል ቀደም ብሎ፣ ጠንከር ብሎም ይይዘዋል። የደጋው ንጹሕ አየርና ከብናኙ መራቁ የሠሩትን ሥራ ማንም አያስብላቸውም።

የጥንት ሊቃውንት ምን አሉ?

ነገሩን አስቀድመው ያስተዋሉት በእህል አውድማ ላይ ነው። በ1555 ኦላውስ ማግኑስ የተባለ የስዊድን ሊቀ ጳጳስ ስለ ሰሜን አገሮች ሕዝብ በጻፈው መጽሐፍ፣ እህል በሚወቃበት ጊዜ የሚነሣው ብናኝ የወቂዎቹን ጉሮሮና ሳንባ እንደሚጎዳ ተናግሯል።

የዚህ ትምህርት አባት ተብሎ የሚከበረው ግን ጣልያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። በ1633 ተወለደ፤ በ1700 በሞዴና ከተማ ስለ ሠራተኞች በሽታ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1713ም ጨምሮና አስፋፍቶ እንደ ገና አወጣው። መጽሐፉን ለመጻፍ ያነሣሣው አንድ የመፀዳጃ ጉድጓድ ጠራጊ ነበር ይባላል። ራማዚኒ ሰውየው ሲጣደፍ አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ዓይኑ እንደሚታወር ነገረው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ዳቦ ጋጋሪው፣ ወደ እህል ሰፋሪውና ወደ ተልባ እግር አበጣሪው ቤት እየገባ አየ። ዱቄትና ብናኝ የሚስቡት ሰዎች እንደሚያስላቸውና ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጻፈ። ሐኪሞችንም በሽተኛን ስለ ሕመሙ ከጠየቁ በኋላ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ መከራቸው፤ ጥያቄውም ሥራው ምን እንደ ሆነ ነው።

ይህ ታላቅ ምክር ነው። ሐኪሙ ከፈረስ ወርዶ፣ ከመኳንንቱ አዳራሽ ወጥቶ፣ በሠራተኛው ደጅ ቆሞ የጠየቀው ጥያቄ ነውና። ከ300 ዓመት በላይ ቢያልፈውም ጥያቄው አላረጀም።

ጥጥና የሰኞ ሕመም

በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ እንግሊዞች ጥጥን በመኪና መፍተል ጀመሩ። ላንካሻየር በሚባለው ግዛት ፋብሪካዎች በዙ፤ ሕፃናት ሳይቀሩ በብናኝ በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ1831 ጄምስ ኬይ የተባለ የማንቸስተር ሐኪም የጥጥ ፈታዮችን ሳልና የደረት ጭንቀት መርምሮ ጻፈ። በ1877 ፈረንሳዊው ሐኪም አድሪያን ፕሩስት ይህን በሽታ ቢሲኖሲስ ብሎ ጠራው፤ ስሙ ጥሩ በፍታን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የወጣ ነው።

ቢሲኖሲስ ከሌላው የሚለይበት ጠባይ አለው። ሠራተኛው እሑድ ዐርፎ ሰኞ ወደ ፋብሪካ ሲመለስ ደረቱ ይጨነቃል፤ ማክሰኞ ይቀልለዋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ይረሳዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጭንቀቱ ከሰኞ ወደ ማክሰኞ፣ ከዚያም ወደ ሳምንቱ ሁሉ ይዘልቃል፤ በመጨረሻም ሳንባው ወደ ቀድሞ ኃይሉ የማይመለስበት ደረጃ ይደርሳል። የእንግሊዝ መንግሥት በዚህ በሽታ ለተጎዱ ሠራተኞች ካሣ መክፈል የጀመረው በ1941 ነው። ኬይ ከጻፈ ከ110 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! በ1950ዎቹ ዓመታት ሪቻርድ ሺሊንግ የተባለው ሐኪም ሠራተኞቹን ስለ ሰኞ ሕመማቸው እየጠየቀ በሽታውን በደረጃ ከፋፈለ፤ በ1978ም የአሜሪካ መንግሥት በፋብሪካ አየር ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን የጥጥ ብናኝ መጠን በደንብ ወሰነ። በኋላ በተደረገው ምርምር ዋናው ጎጂ ነገር በጥጡ ላይ በሚቀረው ቅጠልና ገለባ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚወጣ መርዝ መሆኑ ተገኘ። እንግዲህ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ በተለቀመ መጠን የፈታዩ ሳንባ ይድናል ማለት ነው፤ በመተማ ማሳ ላይ ያለው ለቃሚና በፋብሪካ ያለው ፈታይ በዚህ አንድ ክር ታስረዋል።

የእኛ አገር ሰው ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው እንዳይል ማስረጃውን እናቅርብ። በኢትዮጵያ የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች በድሬዳዋ፣ በአቃቂና በሌሎችም ቦታዎች ተቋቋሙ፤ የባሕር ዳሩ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲመሠረት ገንዘቡ ጣልያን ስለ ጦርነቱ ከከፈለችው ካሣ የመጣ ነበረ። በ1991 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጡ ተበትኖ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ ጥጡ በሚበጠርበት ክፍል ከሚሠሩት ደግሞ 37.5 በመቶ ቢሲኖሲስ ተገኘባቸው። አስምም በየክፍሉ ከ8.5 እስከ 20.5 በመቶ በሚሆኑት ላይ ታየ። እነዚህ ቍጥሮች ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ልጆች የሚጠብቋቸው አባቶችና እናቶች ናቸው።

ሙጫው በማተሚያ ቤት

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከዛፍ የሚገኝ ነው። በሱዳን ወሰን ያለው ቆላ የሙጫና የዕጣን አገር ነው። ከመተማ ማዶ ያለው የገዳሪፍ አገር የግራር ሙጫ ከሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ሱዳን በዚህ ሙጫ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። በእኛም በኩል በመተማና በቋራ ዱር ውስጥ የዕጣን ዛፍ አለ። በበጋ ጊዜ ሠራተኞች ቅርፊቱን በስለት ጥቂት እየላጡ ይሄዳሉ፤ ፈሳሹ ወጥቶ ሲደርቅ ይለቅሙታል። ከዚያ ሴቶች በመጋዘን ተቀምጠው በመልኩና በመጠኑ ይለዩታል።

የግራር ሙጫ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑ የታወቀው ከበቀለበት አገር እጅግ ርቆ በማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። በቀለም የታተመ ወረቀት ሳይደርቅ በላዩ ሌላ ሲደራረብ ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለጠፋል። ይህን ለማስቀረት አታሚዎች በየወረቀቱ መካከል የሙጫ ውሃ በአየር መርጨት ጀመሩ። ወረቀቱ ንጹሕ ሆነ፤ የአታሚው ሳንባ ግን ታመመ። በ1941 በአሜሪካ ሐኪሞች በዚህ ሙጫ ምክንያት አስም ስለያዛቸው 10 አታሚዎች ጻፉ፤ በ1952 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የአታሚዎች አስም ተብሎ ተገለጸ። ማተሚያ ቤቶች ሙጫውን ትተው በሌላ ነገር ሲተኩት በሽታው እየጠፋ ሄደ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል ብለን እናስባለን። አንደኛ፣ ከዛፍ የተገኘ ነገር ሁሉ ሳንባን አይጎዳም ብሎ መታመን አይገባም፤ ሙጫውን በአፍ ቢበሉት ምንም ባያደርግም በብናኝ መልክ ሲሳብ ግን ሊያሳምም ይችላል። የጥድ ሙጫ ጢስ ደግሞ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚበይዱ ሠራተኞችን አስመኛ ማድረጉ በ1970ዎቹ ዓመታት ታውቋል። ስለዚህ ዕጣን የሚለዩት እኅቶቻችን መስኮት በሌለው መጋዘን ሳይሆን ነፋስ በሚያልፍበት ዳስ ቢቀመጡ ጥበብ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ በሽታ የግድ አብሮን የሚኖር ዕጣ አይደለም፤ ምክንያቱ ሲታወቅና ሲወገድ ይጠፋል።

በአየር የሚመጣ መርዝ

አየር መርዝ ሊሸከም መቻሉን የኢትዮጵያ ሕዝብ በመከራ ተምሯል። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ የነበረው የልዑል ራስ እምሩ ሠራዊት ከአውሮፕላን የተጣለ የመርዝ ጋዝ ወረደበት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሰኔ ወር በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለዚሁ ግፍ አመለከቱ። ከዚያ መርዝ ያመለጡ ሰዎች ሳንባቸው ለዘለቄታ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ያውቃሉ።

ያ በጠላትነት የተደረገ ነው። በሰላም ጊዜ፣ በልማት ስም የሚደረሰው ጉዳት ግን ድምፅ የለውም። በታኅሣሥ 1984 በህንድ አገር በቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ሜታይል አይሶሳያኔት የተባለ ጋዝ በሌሊት አምልጦ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሆኑ። ፋብሪካው ያንን ጋዝ ያከማቸው የእርሻ ተባይ መግደያ ለመሥራት ነበር።

የተባይ መርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማላቲዮንና ወገኖቹ በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት የሚያበርድ ኤንዛይም ያግዳሉ፤ ኤንዛይሙ ሲታገድ የሳንባ ቧንቧዎች ይጨመደዳሉ፣ ምራቅና አክታ ይበዛል፣ ዓይን ያለቅሳል። አስም ያለበት ሰው ይህን መርዝ ከሳበ አደጋው በእጥፍ ነው። መርዙን የሚረጨው ሰው አፉን በሻሽ ቢሸፍን ራሱን የጠበቀ ይመስለዋል፤ ሻሽ ግን አቧራን በመጠኑ ቢያግድ እንጂ የመርዝን ትነት አያግድም። መርዙ ጨርቁን ካረጠበው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአፍንጫው ላይ ታስሮ የሚውል መርዝ ይሆናል።

ሕጉና ሕሊናው

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛ ማኅበራትን በሕግ አቆመ። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የተደረገውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በ1991 ተቀበለች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156ም አሠሪው ለሠራተኛው የመከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ ስለ አደጋውም እንዲያስተምረው ያዛል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀምበት ያዛል።

ነገር ግን ሕጉ ከመጽሐፉ ተነሥቶ እስከ ሰሊጥ ማሳ ድረስ በእግሩ አይሄድም። የቀን ሠራተኛ ለሦስት ሳምንት ብቻ ይመጣል፤ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሉ በቃል ነው። ሳሉ የሚጀምረው በቆላ ይሆንና የሚታከመው በትውልድ አገሩ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ይሆናል፤ በዚያ ያለው ጤና ባለሙያ የት ሄደህ ነበር ብሎ ካልጠየቀው ነገሩ ተሰውሮ ይቀራል። ለንዳድና ለካላዛር ይህን ጥያቄ መጠየቅ ተለምዷል፤ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው ደሙ ይመረመራል። ለሳልም እንዲሁ ቢደረግ ምን ይከብዳል?

ምን ይደረግ?

ታሪክ የሚጻፈው ላለፈው ለማልቀስ ብቻ አይደለምና ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን ትምህርት በአጭሩ እናቅርብ።

አንደኛ፣ አባቶቻችን በአውድማ ላይ የሚያውቁትን ጥበብ አንናቅ። ገበሬ እህል በመንሽና በላይዳ ሲያዘራ አስቀድሞ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያል። ብናኙ ወደ ፊቱ እንዳይመለስ አድርጎ ይቆማል። ሰሊጥ የሚያራግፍም፣ መርዝ የሚረጭም ሰው ነፋስን ከጀርባው ቢያደርግ ምንም ወጪ የለበትም።

ሁለተኛ፣ መጋዘን የሚሠራ ሰው ለእህሉ እንደሚያስብ ለሠራተኛው ሳንባም ያስብ። በፊትና በኋላ የተከፈተ መስኮት አየሩን ያሻግረዋል። ወለሉን ከመጥረግ በፊት ውሃ ርከፍከፍ ማድረግ አቧራውን ያስተኛዋል። የጋዝ ክኒን በተደረገበት መጋዘን ውስጥ ግን ጋዙ ወጥቶ ሳያልቅ ማንም መግባት፣ ይልቁንም ማንም ማደር አይገባውም።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ሕመሙን አይደብቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና። በሥራ ምክንያት የሚመጣ አስም ቶሎ ታውቆ ሰውየው ከዚያ ብናኝ ከራቀ ብዙ ጊዜ ይቀልላል፤ አንዳንዱም ፈጽሞ ይድናል። ለዓመታት እየታፈነ ከቆየ ግን ሥራውን ቢተው እንኳ አስሙ አብሮት ሊኖር ይችላል። ማሳል ስንፍና አይደለም፤ ሳሉን ተናግሮ የተባረረ ሠራተኛን ያየ ሌላው ሠራተኛ ግን ዝም ይላል። ስለዚህ አሠሪው የሚያስለውን ሰው ከማባረር ይልቅ ብናኝ ወደሌለበት ሥራ ቢያዛውረው የራሱንም ሥራ ይጠብቃል።

አራተኛ፣ ሐኪም፣ ነርስና የጤና ረዳት ሁሉ የራማዚኒን ጥያቄ ይጠይቁ። ሥራህ ምንድን ነው? ከሥራ ስትርቅ ይሻልሃል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመጠየቅ መኪናም መሣሪያም አያስፈልግም፤ ከሁለት ደቂቃ በላይም አይፈጁም።

እኛ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዚህ ትምህርት ቤት እንለያያለን። ከመካከላችን ነርስ የሚሆን አለ፤ የእርሻ ባለሙያ የሚሆን አለ፤ የሰሊጥ ነጋዴ ወይም የእርሻ ባለቤት የሚሆንም አይታጣም። አንዳንዶቻችን ደግሞ ውጤታችን እስኪወጣ ድረስ በዚህ ክረምት ወደ መተማ ለአረም እንወርዳለን። ከታናናሾቻችን መካከልም ይህን መጽሔት በከረጢቱ ይዞ የሚወርድ ይኖር ይሆናል። እንግሊዝ አገር ከኬይ ጽሑፍ እስከ መጀመሪያው ካሣ ድረስ 110 ዓመት ጠበቀች፤ በዚያ መካከል የታፈኑት ፈታዮች ስማቸው በየትኛውም መታሰቢያ ላይ አልተጻፈም። እኛ ግን ነገሩ ተጽፎ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱም ታውቆ ደርሶናልና እነርሱ የጠበቁትን ያህል የምንጠብቅበት ምክንያት የለንም። መተማ የንጉሠ ነገሥት ደም የፈሰሰበት ምድር ስለ ሆነ እናከብረዋለን፤ በዚያው ምድር ላይ ለእንጀራው የሚያስለውን ወንድማችንንም ሥራህ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቀው ያንን ክብር ሙሉ እናደርገዋለን።